መስፈርት ያልወጣለት

«ውሃችን መስፈርቱን በሙሉ ያሟላል» አሉ ጋሼ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብለው። ከዚያ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ተራው የኔ ነበር። ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንድደግም መኪና ውስጥ ተስማምተናል፤ ማለቴ እሳቸው ተስማምተዋል፣ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አይ ነበር።

ጋሼ የምንላቸው የውሃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ማንም ዞር ብሎ ሳያየኝ ላብራቶሪው ውስጥ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ደጋግሜ የምለው ለራሴ ነው።

ስቱዲዮው ከቁም ሳጥን ብዙም አይሰፋም። ማራገቢያው ድምፅ ያስገባል ተብሎ ስለጠፋ ሁላችንም በላብ ርሰናል። የጠዋቱ ፕሮግራም አዘጋጅ እንግዳውን በሳቅ እያዋዛ የሚያናዝዝ ሰው ነው።

«እርስዎ የላብራቶሪው ኬሚስት ነዎት» አለኝ። «ሰው ስለ ዝናብ ልብስ ፋብሪካው ያወራል። ፋብሪካው ጨርቅ ያጠበበትን ውሃ ወንዝ ውስጥ ይለቀዋል፣ እኛ ደግሞ ያንኑ ወንዝ አጣርተን እንጠጣለን ይላል። እውነት ነው ወይስ የአሉባልታ ወሬ?»

«ጋሼ ያሉት ልክ ነው» አልኩ። ጋሼ ትከሻቸውን ላላ አደረጉ። «መስፈርቱን ያሟላል። ጀርም የለበትም፣ ክሎሪኑም በልኩ ነው። ጨርቁ ውሃ እንዳያስገባ የሚነከርበት ኬሚካል ግን መስፈርት አልወጣለትም። መስፈርት ስላልወጣለት አንለካውም። ስላልለካነው ደግሞ የለም እንላለን።»

የጋሼ ጫማ በጠረጴዛው ስር ጫማዬ ላይ አረፈ። ተጫነኝ።

«እኔ አስለካሁት» አልኩ እግሬን ሳልነቅል። «የኛ መሣሪያ ስለማይችለው ከቧንቧ ቀድቼ ውጭ አገር ላክሁት። ኬሚካሉ አለበት። እዚያ አገር ለመጠጥ ውሃ ከሚፈቅዱት መጠን ብዙ እጥፍ ነው።»

የአዘጋጁ ሳቅ ከፊቱ ላይ ሸሸ። ጋሼ ሁለቱንም ማይክሮፎኖች በመዳፋቸው ጋረዱ።

«ሰው ቧንቧውን ከፈራ ኩሬ ነው የሚወርደው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ኮሌራውን አንቺ ነሽ የምትመልሺው?»

እውነታቸውን ነው። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነበር። መዳፋቸውን ከማይክሮፎኔ ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁት።

«ጋሼ አሁን ያሉኝን ስሙ» አልኩ። «ሰው ኩሬ እንዳይወርድ ሰግተዋል። ልክ ናቸው፤ እንዳትወርዱ። ይህን ውሃ ዛሬ ጠጥቶ ዛሬ የሚታመም የለም። ነገሩ የዓመታት ነው። ሰውነት ቶሎ አያስወጣውም፣ ይጠራቀማል። ከኩላሊት ካንሰርና የልጆች ክትባት አቅም ከመድከሙ ጋር የሚያያይዙት ጥናቶች አሉ። ስለዚህ ከቧንቧው አትሽሹ። ቧንቧውን የምናስተዳድረውን እኛን ያዙን። ፋብሪካው መልቀቁን ያቁም፣ እኛም የከሰል ማጣሪያ እናስገባ። ሌላ ቦታ ተችሏል።»

«እ... ደዋይ አለን» አለ አዘጋጁ፣ ከእሳት እንደወጣ ሰው።

«ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አልናገርም» አለች ደዋይዋ።

ባትናገርም እናቴ ነበረች።

«ውሃ ካላፈላችሁ አትጠጡ እያለች ቁም ስቅላችንን የምታሳየን ልጅ አለችኝ። ታዲያ አሁን ማፍላቱስ?»

«ማፍላት ጀርሙን ይገድላል። ይህኛውን ግን አያጠፋውም... እማ።»

«እማ አትበዪኝ። ደዋይ ነኝ።»

አዘጋጁ ሳቁ አመለጠው። ታላቅ ወንድሜ የዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ እናቴም የምትጦረው በእሱ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ፦ የወንድምሽን ጉሮሮ ዘጋሽው።

«ወንዱ ልጄ እዚያው ፋብሪካ ነው» አለች። «እጁን በዚያ ነገር ነክሮ ነው የሚውለው። ጓንት ቢጠይቅ፣ ምን ሆነህ፣ እንደ ሳሙና ቁጠረው አሉት።» ድምጿ ቆረጥ አለና ተመለሰ። «ልጅቷን ሌላ አልጠይቃትም፤ የምትለውን ብላለች። ኃላፊዋን አገናኙኝ።»

«እዚሁ እየሰሙዎት ነው፣ እናቴ» አለ አዘጋጁ።

«ጌታዬ፣ ልጄን ስድር አባቷ ስለሌለ እርስዎ ነዎት ከጎኔ የተቀመጡት። እንደ ወንድሜ ነው የማይዎት። እንግዲህ እንደ ወንድም ይንገሩኝ። ዋሽታለች?»

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ።

አዎ ቢሉ ያበቃ ነበር። እኔ ዕቃዬን ጠቅልዬ እወጣለሁ፣ ከተማውም እስከ ማታ ይረሳዋል። አንድ ቃል ነው የሚፈጅባቸው። ጋሼ ግን አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

የሬዲዮ ዝምታ እንደ ቤት ዝምታ አይደለም። በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየልብስ ስፌቱ ያለ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ድምፁን ይጨምራል። ባልተነገረው ቃል ላይ ጆሮውን ይደቅናል።

አዘጋጁ አላስቻለውም። ዘፈን ሊያስገባ እጁን ወደ ቁልፎቹ ሰደደ።

የእጁን አንጓ ያዝኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጋሼ ማይክሮፎኑን ያያሉ። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የእናቴ ትንፋሽ ይሰማል፤ አልዘጋችም፣ ትጠብቃለች። የአዘጋጁ እጅ በእጄ ውስጥ እንደ ዓሣ ተፈራገጠ። አልለቀቅሁትም።