የአስተዳዳሪ ፈቃድ

ከጣና ዳር ያለው ደብር «ኮምፒውተራችን እየጋለ ይጠፋል» ብሎ ለጥገና ሲጠራኝ፣ ገና ከቤቴ ስወጣ ንቄያቸው ነበር። ማሽኑን እንደ ንዋየ ቅድሳት በግምጃ ሸፍነውታል፤ እንዴት አይግል።

ሙቀቱን የሚለካ ፕሮግራም ብከፍት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ጠየቀኝ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው የለም። ያለ ፈቃድ አስነሣሁት፤ በቁጥሮቹ ቦታ ባዶ ሰረዝ ብቻ ደረደረልኝ።

«ምን ይላል?» አሉ ጸሐፊው መሪጌታ ጥዑመ ልሳን።

«አስተዳዳሪው ካልፈቀደ አላሳይም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ጠይቄያቸው ልምጣ» ብለው ተነሡ። የደብሩን አስተዳዳሪ ማለታቸው ነው። ኃጢአተኛውስ ለእነዚህ ሰዎች ኮምፒውተር የሸጠው ነው። ሳቄን ዋጥሁ።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። «ፈቅደዋል።»

ሰረዞቹ ቁጥር ሆኑ። ሁሉም አሥራ ስድስት ዲግሪ ይላሉ፤ እንደ ጉድጓድ አፈር ቀዝቃዛ። ማሽኑን ብነካው እጄን ፈጀኝ።

«አስተዳዳሪው የት ናቸው?» አልሁ።

መሪጌታ መስኮቱን ከፈቱ። ከዋርካው ሥር አፈሩ ያልደረቀ መቃብር ይታያል።

«እዚያ ናቸው፤ ትናንት ቀበርናቸው» አሉ ረጋ ብለው። «በሆዱ የሚስቀው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ስምህን ማን ልበላቸው?»