መቀሱ

ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ያስረዳው ለባሏ ነበር። «መንጋጋዋን አስተካክለን አጥንቱን ከውስጥ በብረትና በብሎን አስረነዋል። እስኪጠና እንዳይናጋ ደግሞ የላይና የታች ጥርሷን በላስቲክ አያይዘነዋል። ካስመለሳት ትታፈናለችና ላስቲኩን በዚህ ቶሎ ቁረጠው» ብሎ ትንሽ መቀስ ሰጠው። ባልየው እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ መቀሱን ደረት ኪሱ ከተተ።

ቤት ገብተው ጋደም እንዳለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ዛሬ እንኳ ሳታቋርጪኝ ስሚኝ» አላት። «ሌላ ሴት ይዣለሁ። ልሄድ ነው።»

ንዴቱ ይሁን መድኃኒቱ፣ ሆዷን አገላበጠው። እጇን ወደ ደረቱ ዘረጋች። እሱ እጇን ይዞ ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ መለሰላት። «በናትሽ አትለምኚኝ፤ አንጀቴን አትብዪው» አለና እንባውን እየጠረገ ወጣ።

ልመና ድሮም አታውቅም፤ እጇን የዘረጋችው ለመቀሱ ነበር።