አርባ አንደኛዋ ብልቃጥ

ተመራማሪው የጉልበት መገጣጠሚያ ተበልቶ ከማለቁ ዓመታት በፊት ደም ውስጥ የሚታይ ምልክት አገኘ። እውነተኛ መሆኑን ለማስመስከር ግን ስድስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ደም የሰጡት ሁሉ ያኔ ጤነኞች ነበሩ። ምልክቱ ለታየባቸው እንዳይነገር ራሱ ወሰነ፤ ካወቁ ጉልበታቸውን ማሳረፍ ይጀምራሉ፣ ጥናቱም ይበላሻል።

ከሁሉ ደምቆ የታየው አርባ አንደኛዋ ብልቃጥ ላይ ነበር። የማን ደም እንደሆነ ያውቃል። ደሙን የሰጠችው ሴትዮ በየዐቢይ ጾሙ መቶ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ስትሰግድ እያየ ዝም አለ።

ጥናቱ የተሸለመ ዕለት እናቱ ቤት ሄደ። ምርኩዟን ተደግፋ እልል አለች።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ይሳካልህ ብዬ ሰገድኩ» አለችው። «ለምስጋናው ግን ጉልበቴ እምቢ አለኝ። እስቲ ልጄ፣ አንተ ስገድልኝ።»