ከልኩ በላይ

ከእናታችን ድምፅ የቀረን አንድ የሦስት ደቂቃ ቀረጻ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከጫጫታ አጠራዋለሁ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ጫነው። አባታችን ከሰዓት መጥቶ ሊሰማው ስለነበር፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከተሠራበት ልክ በላይ ከፍ አደረገው።

ከምሳ ስመለስ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ክፍሉ የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። ቀረጻውን ከፈትኩት። እናታችን "በሩን ዝጉት" ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ፉጨት ብቻ ነው።

"ኮፒ አስቀርተሃል?"

ወንድሜ ዓይኑን ወደ ማራገቢያው አዞረ።

"አንተን እኮ ነው! ፕሮሰሰር ከልኩ በላይ ሲሮጥ ይግላል፣ ሲግል ይሳሳታል አላልኩህም?"

"ትንሽ ነው የጨመርኩት። ደግሞ አንተ መቼ ነው መሐንዲስ የሆንከው?"

"ትንሽ! የእናትህን ድምፅ አጥፍተህ ትንሽ ትለኛለህ?"

ንዴቴ አላስቀምጥ አለኝ። ኮምፒውተሩም ድምፅ ማጉያውም የተሰኩበትን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈትኩ፤ ማቀዝቀዣውን አንስቼ ፕሮሰሰሩን መዝዤ አወጣሁት። ጣቴን ፈጀኝና ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

"ከእንግዲህ አትነካውም!" አልኩት።

ወንድሜ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ድምፅ ማጉያው ቀደመው።

"ተቃጠልክ እንዴ ልጄ? እስቲ ጣትህን አሳየኝ" አለች እናታችን። ከዚያ ድምፅዋ ቆጣ አለ። "አንተስ ቆመህ ታየዋለህ? ውሃ አምጣለት እንጂ!"