የቢጫው ሜዳ ባለቤት

«አብርሽ፣ አዙረው በቃ! ጥያ ሄደን ትክል ድንጋዩን እንይ...» ፍቅሩ ከኋላ ወንበር ሆኖ መኪናውን በሚነዳው ጓደኛው ላይ ጮኸ።

«ምን ነካህ?» አለች ሩቲ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ያቀድነው ለዚህ አይደል? አደይ እኮ መስቀል ካለፈ ይረግፋል!»

ሩቲ ቲክቶክ ላይ አንድ ቢጫ ሜዳ አይታ ወዳዋለች። ቦታውን ግን ለማንም አልተናገረችም... ሰርፕራይዝ ነው ብላ።

ጠዋት ከቡታጅራ ሲነሱ ከሁሉም በላይ ሲጨፍር የነበረው ፍቅሩ ነው።

መኪናው ቡኢን አልፎ ወደ ፒስታው ሲታጠፍ ግን... «አዙረው» ማለት ጀመረ።

መንገዱን ያውቀዋላ! ወደ አባቱ ቤት የሚወስደው መንገድ ነው።

ለጓደኞቹ «የከተማ ልጅ ነኝ» ብሏል።

ለአባቱ ደግሞ ትናንት በስልክ «ሥራ ይዞኛል፣ ለመስቀልም መምጣቴን እንጃ» ብሏቸዋል።

አሁን የቱን ውሸት ይሸፍን?

መኪናው ቆመ... ሜዳው ዳር እስከ ዳር አደይ ብቻ!

ሁሉም ወርደው ፎቶ ጀመሩ። እሱ «ራሴን አሞኛል» ብሎ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ስቦ መኪና ውስጥ ቀረ።

አንድ ሽማግሌ ከዘራ ተደግፈው ብቅ አሉ። አቶ ገብረወልድ... የፍቅሩ አባት።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ።»

«አባባ፣ ይሄን የመሰለ አበባ ማን ዘራው?» አለች ሩቲ።

«ልጄ።»

«ውይ! ጎበዝ ልጅ ነው ያለዎት!»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«በሰኔ ወገቤን ታመምኩ። ‘መጥተህ እረስልኝ’ ብዬ ሦስቴ ደወልኩለት... ሥራ አልለቀው አለ። መሬቱ ጦሙን አደረ። ጦም ያደረ መሬት ላይ ደግሞ አደይ እንዲህ ነው የሚሆን። እሱ ቢመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጤፍ ነበር።»

የመኪናው መስኮት ክፍት ነበር። ፍቅሩ አንድም ቃል አላመለጠውም።

«በሉ ግቡና ቤት ያፈራውን ቅመሱ» አሉ አባት። «የእኔም ልጅ ያለው ሰው አገር ነው... እሱንም ሰው ያበላዋል።»

ፍቅሩ ከዚህ በላይ አልቻለም። በሩን ከፍቶ ወጣና እግራቸው ላይ ወደቀ።

አባት ትክ ብለው አዩት...

«መጣህ? ሥራው ለቀቀህ?»

ወገኖቼ... ከቡታጅራ ቡኢ ስንት ሰዓት መንገድ ሆነና ነው? ለሽርሽር ሁለት ሳምንት ያቀደ ሰው፣ ለአባቱ አንድ ቀን አጣሁ ሲል አያፍርም?

የእኛ መቅረት አበባ ቢያወጣ እንኳ ለወላጅ እንጀራ አይሆንም።

እስቲ እውነቱን ጻፉልኝ... አባታችሁ ወይ እናታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውሉ፣ ምን ብላችሁ ዘጋችሁት?