የመታጠቢያው ምረቃ

ሲስተር ጥሩወርቅ በጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲው የአራሶች ክፍል የእጅ መታጠቢያ እንዲሠራ ስትወተውት ኖራ፣ የምረቃው ቀን ደረሰ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሪባኑን ቆርጠው ቧንቧውን ቢከፍቱት ጠብታ ውሃ የለም። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው እንደሚታጠብ ሰው ደረቅ እጃቸውን ከቧንቧው ሥር አሹና፣ "ጨለምተኛ አንሁን! ውሃውም ይደርሳል" አሉ። ታዳሚው አጨበጨበ። ዲኑም ፕሮፌሰሮቹም ተራ ገብተው እጃቸውን አሹ።

የጥሩወርቅ ደም ፈላ። "ስንቷን አራስ በኢንፌክሽን አጣን! ዛሬስ አፈርጠዋለሁ" ብላ በሆዷ፣ ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት ወጣች።

ፕሬዚዳንቱ ትከሻዋን ቸብ አድርገው፣ "የዚህ ለውጥ እናት እሷ ናት! ከዛሬ ጀምሮ የክፍሉ ኃላፊ አድርገናታል" አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ጥሩወርቅ እጇን ከቧንቧው ሥር ዘርግታ በደንብ አሸችና ዞር አለች።

"እባካችሁ፣ ፎጣ አቀብሉኝ።"