ታፔላው

ባለፈው ሳምንት የጥጥ መጋዘኑ አንድ ጥግ ተቃጠለ። በቦታው የተገኘው የሲጋራ ቁራጭ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ጥፋተኛውን በሌላ ስም ጠራው፤ መሀይምነት።

ሰኞ ጠዋት ታፔላ ጸሐፊው ሁለት ታፔላ አምጥቶ በሩ ላይ አስደገፈና ለአጥሩ ታፔላ ምሰሶ ሊተክል ወደ ጓሮ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ በብብቱ የያዘውን ጋዜጣ ለዘበኛው ሰጥቶ፣ አንዱን ታፔላ መርጦ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ መታው። ሚስማሩን እንኳ ለሌላ ሰው አልሰጠም።

ከዚያ ሠራተኛውን አሰለፈ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማጨስ ክልክል ነው። ይኸው ተጽፏል! የማያነብ ከብት ብቻ ነው። አንድ በአንድ እየመጣችሁ አንብቡልኝ፤ ያላነበበ ዕቃውን ይዞ ይውጣ።»

መጀመሪያ ዘበኛው ቀረበ። «ማጨስ ክልክል ነው፣ ጌታዬ።»

«እለፍ።»

ሚዛን ሠራተኛዋም ያንኑ ብላ አለፈች። ሒሳብ ሹሙ ታፔላውን አየ፤ ሥራ አስኪያጁን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማጨስ... ክልክል ነው።»

«የተማረ ሰው እንዲህ ነው!»

መጨረሻ ላይ አንድ ጫኝና አውራጅ ቀረ። ሁሉም «ቀልዴ» ነው የሚሉት፤ ቁም ነገር ከአፉ ሲወጣ የሰማ የለም። ሚስቱ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል፤ ከዚህ ሥራ ሌላ እንጀራ የለውም።

ቀና ብሎ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቆም አለና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ምነው፣ ፊደሉ ጠፋህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ኧረ አልጠፋኝም ጋሼ። መሽናት ክልክል ነው።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሚዛን ሠራተኛዋ ሆዷን ያዘች። ሒሳብ ሹሙ ጫማውን ያይ ነበር።

«አንተ ደንቆሮ! አለማወቅህን በቀልድ ልትሸፍን?»

«እናቴ ትሙት፣ ዛሬስ አልቀለድኩም።»

«ውጣ!»

ቀልዴ የሥራ ልብሱን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ጣለና ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ጋዜጣውን ተቀብሎ እንደታጠፈ ብብቱ ውስጥ መለሰው።

«አያችሁ?» አለ። «አገር የሚያቃጥለው እንዲህ ያለው ነው።»

ታፔላ ጸሐፊው ከጓሮ መጥቶ በሩ ላይ የቀረውን ታፔላ አነሳና ግራ ገብቶት ወደ ግድግዳው አንጋጠጠ።

«ጋሼ፣ የሲጋራው እኮ ይሄኛው ነው።»